አጥንት እየጣልን ማዳበሪያ መሸመት ይብቃ!

የመኸር ወቅት በመጣ ቁጥር የአገሪቱ ጭንቀት አንድ ነው። ማዳበሪያው ጂቡቲ ደረሰ ወይ? ስንት ኩንታል ተጓጓዘ? የትኛው ወረዳ ደረሰው፣ የትኛው ቀረበት? በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች “ማዳበሪያ አጣን” ብለው አደባባይ መውጣታቸው አይዘነጋም። የዘር ጊዜ አይጠብቅም፤ በሁለት ሳምንት የዘገየ ማዳበሪያ ለገበሬው እንዳልመጣ ይቆጠራል።

በዩሪያ በኩል ተስፋ ሰጪ ጅምር አለ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ይሁን እንጂ ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጂን ብቻ ነው። ናይትሮጂን ከአየር ስለሚወሰድ ጋዝና ገንዘብ ያለው አገር ሊያመርተው ይችላል። የሰብሉን ሥር የሚያጠነክረውና ፍሬውን የሚያሞላው ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም፣ በሌላ ንጥረ ነገርም አይተካም። ከድንጋይ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከሚታወቀው የዓለም የፎስፌት ድንጋይ ክምችት 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ያለው ምዕራብ ሰሐራን ጨምሮ በሞሮኮ እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ፎስፌት ወደ ውጭ እንዳይላክ ገደብ ስትጥል፣ በማግስቱ ዓመት የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የማዳበሪያ ዋጋ እንዴት እንደናረ የእኛ ገበሬ በኪሱ አይቶታል። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው የማዳበሪያ ኩባንያ ኦሲፒ ጋር የተፈረመው የድሬዳዋ ፋብሪካ ዕቅድ እንኳ የፎስፈረሱን ግብዓት ከሞሮኮ ለማምጣት የታሰበበት ነበር። ፋብሪካ መትከል ብቻውን ከጥገኝነት አያላቅቅም።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ከማሳዋ የሚወጣውን ፎስፈረስ ወደ ማሳዋ የምትመልስበትን ሥርዓት መዘርጋት አለባት፤ ሥራውም ከግዥው እኩል በጀትና ባለቤት ሊኖረው ይገባል።

መጀመር ያለበት ከአጥንት ነው። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም የሆነች አገር በበዓል ማግስት የየሰፈሩን ገንዳ በአጥንት ሞልታ ታድራለች። ከደረቀ አጥንት ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ፎስፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በኢትዮጵያ የሚገኘው የእንስሳት አጥንት አገሪቱ በዓመት ከምትጠቀመው የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከ28 እስከ 58 በመቶ ሊሸፍን እንደሚችል አመልክቷል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። አጥንቱ ተቀቅሎ ስቡ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ አየር በማያስገባ ምድጃ አክስሎ ማዘጋጀትም ይቻላል።

የአጥንት ፎስፈረስ ይበልጥ የሚሟሟው በአሲዳማ አፈር ላይ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው አሲዳማነት የተጫነው ነው። በጎጃምም ሆነ በወለጋ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በውድ የተገዛው ፎስፈረስ ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሲበተን ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን አስረው ይይዙትና ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል። ገበሬው ዕዳውን ይከፍላል፣ ምርቱ ግን አይጨምርም። መሬቱን በኖራ ሳያክሙ ማዳበሪያ መጨመር ሀብት ማባከን ነው።

የኩበቱም ነገር ችላ ሊባል አይገባም። እርጥቡ እበት ተጠፍጥፎ ከደረቀ በኋላ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ጓሮ ስለሚደፋ ጎመኑና ጌሾው ይለመልማሉ። ራቅ ያለው የጤፍ ማሳ ግን ዓመት ከዓመት ሲሰጥ ኖሮ የሚመለስለት ነገር የለም። እናቶች ኩበት የሚያነዱት ሌላ ማገዶ አጥተው ነው። በመሆኑም መፍትሔው ወቀሳ ሳይሆን ባዮጋዝን ማስፋፋት ነው፤ ጋዙ ምግብ ያበስላል፣ ዝቃጩ ደግሞ ፎስፈረሱን እንደያዘ ማሳ ይገባል።

ከተሞችም ድርሻ አላቸው። በእህል መልክ ወደ ከተማ የገባው ፎስፈረስ በሽንት ቤትና በፍሳሽ በኩል ወጥቶ ወንዝ ይገባል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደንብ ትላልቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎቿ ከ2029 ጀምሮ ፎስፈረስን መልሰው እንዲያወጡ አስገድዳለች። እኛ ደግሞ ከቃሊቲ ማጣሪያ የሚወጣውን ደለል እንደ ሀብት ልናየው ይገባል። በእርግጥ የፋብሪካ ፍሳሽ የቀላቀለ ደለል ከባድ ብረቶችን ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመርና ሳይታከም ማሳ ላይ መዋል የለበትም።

ይህን ስንል የውጭ ማዳበሪያ ይቁም ማለታችን አይደለም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከልክላ ምርቷ ሲያሽቆለቁል በወራት ውስጥ ውሳኔዋን ለመቀልበስ ተገዳለች። አርሶ አደሩ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ሊደረግ አይገባም። የአገር ውስጡ ምንጭ በየዓመቱ ሲጨምር የውጭው ሸክም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለዚህም መንግሥት የሚከተሉትን ሊፈጽም ይገባል። የከተማ አስተዳደሮች ከቄራና ከሥጋ ቤቶች አጥንት ተለይቶ የሚሰበሰብበትን አሠራር በደንብ ይወስኑ። ለአጥንት ማዳበሪያ የጥራት ደረጃ ይውጣለት፣ በዩኒየኖች በኩልም እንደሌላው ማዳበሪያ ይሰራጭ። ከውጭ ለሚገባው የሚደረገው ድጎማ አገር ውስጥ ለሚመረተውም ይድረስ። የኖራ አቅርቦት ከማዳበሪያ ዕቅድ ጋር ተጣምሮ ይመራ። በምዕራብ ወለጋ ቢቂላል የሚገኘው የፎስፌት ማዕድን በአዋጭ መንገድ ሊወጣ ይችል እንደሆነም ቁርጡ ይነገረን።

በቀጣዩ የበጀት ዓመት የግብርና ሚኒስቴር ዕቅድ ሲቀርብ፣ በመርከብ ከሚጫነው ኩንታል ጎን አገር ውስጥ የተመረተው ፎስፈረስም በኩንታል ተቆጥሮ ሊቀርብ ይገባል። ሚኒስቴሩን የምንጠይቀውም በዚሁ ቁጥር ይሆናል።