የውሃችን ጥንካሬ ስንት እንደሆነ ይነገረን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በከተማችን ስለ ውሃ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ መጣ ወይስ አልመጣም ነው። ፈረቃው የማን ሰፈር ነው? ሮቶው ሞልቷል? ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚቀዳው ማን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ሌሊት ተነስቼ የምቀዳ ሰው ነኝ። ዛሬ ልጽፍልዎ የፈለግሁት ግን ውሃው ከመጣ በኋላ ስላለው ነገር፣ በበራዳችን ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ የምኖር ሰው ነኝ። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ የቧንቧ ውሃችን የጥንካሬ መጠን በቁጥር ይነገረን፤ ቁጥሩም በየወሩ በምንከፍልበት ቢል ላይ ይታተም።

ጠንካራ ውሃ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየሩ፣ ይበልጡንም ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ በዓለት ውስጥ ሲያልፍም እነዚህን ማዕድናት እያሟሟ ይሄዳል። የወሎ ተራሮች፣ ጦሳም ጭምር፣ የባዛልት ዓለት ናቸው፤ ባዛልት ደግሞ ሁለቱንም ማዕድናት ይዟል። ከጋራው ሥር ቶሎ የሚፈልቅ ምንጭ ከዓለቱ ጋር ብዙ ስለማይቆይ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳበው ግን ዘመናት ከዓለት ጋር ስለቆየ ብዙ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ሕዝባቸው የጨመረ ከተሞች ከምንጭ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መሄዳቸው ስለማይቀር፣ ነገሩ እየዋለ እያደረ የሚጠብቅ እንጂ የሚላላ አይመስለኝም። የኖራ ድንጋይ ባለባቸው በድሬዳዋና በመቀሌ ጉዳዩ የታወቀ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ቅርፊት «ካልሲየም ነው» ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ግን አንዱ «ጨው ነው»፣ ሌላው «ኖራ ጨምረውበት ነው»፣ ሦስተኛው «የቧንቧው ዝገት ነው» ይላል።

ይህ ነገር ቤተሰብን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ላስላው። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጠቅላላ ጥንካሬ ያስቀመጠው ጣሪያ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ በሊትር 300 ሚሊግራም ነው። ውሃው ልክ በዚህ ጣሪያ ላይ ነው እንበል። ተራ የልብስ ሳሙና በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ተዋህዶ ያ የምናውቀው ግራጫ ዝልግልግ እድፍ ይሆናል። አረፋ የሚያወጣውና ቆሻሻ የሚያነሳው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። በስሌት፣ እንዲህ ያለ ውሃ በያዘ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከ35 ግራም በላይ ሳሙና አንድም ልብስ ሳያጥብ ይጠፋል። ልብስ የሚታጠበውና የሚለቀለቀው በስንት ጀሪካን እንደሆነ እናቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዱቄት ሳሙና የሚገዛ ሰው ጉዳቱ ይቀልለታል፤ የዱቄት ሳሙና ቅመም እንዲህ ያለውን ውሃ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። በደረቅ ሳሙና በእጇ የምታጥብ ሴት ግን ሙሉውን ዕዳ ትከፍላለች። ስለዚህ የውሃ ጥንካሬ በተለይ ከድሃው ኪስ የሚወጣ፣ ማንም ያላወጀው ግብር ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያ ወጥታ ሳሙና የምትገዛ እናት ከምትገዛው ላይ ስንቱን ውሃው እንደሚበላባት የማወቅ መብት አላት።

ከዚያ ማገዶው አለ። ንፍሮ የሚቀቅል ሁሉ እንደሚያውቀው አንዳንድ ውሃ ባቄላውንና ሽምብራውን ቶሎ አያበስልም። ምክንያቱ ካልሲየሙ የእህሉን ልጣጭና ሥጋ አያይዞ ከሚይዘው ፔክቲን ከሚባለው ነገር ጋር ተጣምሮ ስለሚያጠነክረው ነው። ከሰል በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ንፍሮ ግማሽ ቀን ሲንተከተክ መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና አጥልሎ እህሉን በእሱ መዘፍዘፍ ይረዳል፤ ሲፈላ የማዕድኑ ከፊሉ ይዘቅጣልና።

ያ የሚዘቅጠው ነው በበራዱ፣ በጀበናውና በሻወሩ ቦይለር ውስጥ የሚጋገረው። በቀን 5 ሊትር ውሃ የሚያፈላ ቤት፣ ጥንካሬው 300 ሚሊግራም ሆኖ ሁሉም ቢዘቅጥ፣ በዓመት ግማሽ ኪሎ ያህል ቅርፊት ይሰበስባል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፤ ሬዚስታንሱ ከመጠን በላይ ይግልና ይቃጠላል፣ የሻወሩም ቀዳዳ ይደፈናል። መፍትሔው ርካሽ ነው። አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ከውሃ ጋር ጨምሮ ትንሽ ማሞቅና ማሳደር፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ አይደባለቁ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው።

ከገንዘቡም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ነው። ሰው በበራዱ ውስጥ ያየው ቅርፊት በኩላሊቱም ውስጥ እንደዚያው የሚጋገር ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ገደብ አላወጣም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ሐኪም የሚመክረው ውሃ አብዝቶ እንዲጠጣ ነው፤ ቧንቧውን ፈርቶ መጠጣት የቀነሰ ሰው ራሱን ይጎዳል። ጥርስን የሚያበልዘው ደግሞ ሌላ ነገር፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚበዛው ፍሎራይድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ቅርፊት የማይተወውን ውሃ ንጹሕ ነው ብለው ወዳልተጠበቀ ምንጭና ወደ ወንዝ የሚሄዱ መኖራቸው ነው። ለስላሳ ውሃ በራድ አያቆሽሽም፤ ካልታከመ ግን ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በክሎሪን የታከመ ጠንካራ ውሃ ካልታከመ ለስላሳ ውሃ ይሻላል። «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን መድኃኒት ጨምሮ ማከምም ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጥንካሬውን አይነካም፤ ቅርፊቱ ስላልጠፋ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ፍርሃት የሚያበርደው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አስቸጋሪ አይደለም። ጠቅላላ ጥንካሬ በማንኛውም የውሃ ላቦራቶሪ ኢዲቲኤ በሚባል ኬሚካል በደቂቃዎች ውስጥ የሚለካ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ምርመራ ነው። አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ለሕዝብ ሲሰጥም ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከእኛ ቁልቁል ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ ፋብሪካ የውሃውን ጥንካሬ ሳያውቅና ሳያለሰልስ ውሃ ወደ ቦይለሩ አያስገባም፤ ቦይለሩ ይበላሽበታላ። ባለፋብሪካ ለማሽኑ ሲል የሚያውቀውን፣ የቤት እመቤት ለበራዷና ለሳሙናዋ ለምን አታውቅም? ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የውሃ አቅራቢዎች ውሃቸው ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ጠንካራ እንደሆነ ለደንበኛው በሦስት ደረጃ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ የሳሙናው ካርቶን ላይ ያለው መጠን መለኪያም በዚያው ደረጃ የተጻፈ ነው። ሰዉ በቁጥሩ ይሠራበታል እንጂ አይደነግጥም።

«ውሃው ራሱ በሳምንት አንዴ እየመጣ የምን ጥንካሬ ነው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እንዲያውም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በሮቶና በጀሪካን ስለሚጠራቀም፣ አንድ ጀሪካን ሳሙና ሲበላ የሚጎዳው ሌላ ጀሪካን የሌለው ሰው ነው። አቅርቦቱ እስኪስተካከል እውነቱን መንገር ምንም የሚያግደው ነገር የለም። ውሃው ከአንድ በላይ ጉድጓድና ምንጭ የሚመጣ ከሆነም የየሰፈሩ ቁጥር ሊለያይ ይችላልና፣ በየሰፈሩ ተለክቶ ቢነገር ይበልጥ ይጠቅማል።

የውሃ አገልግሎት ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ ልመናዬ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ቢል ላይ፣ ከቆጣሪው ንባብ ጎን፣ የሰፈራችን ውሃ ጥንካሬ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉልን። እርስዎም፣ አዘጋጅ ሆይ፣ ቁጥሩ እስኪታተም ድረስ ጥያቄውን ከመጽሔትዎ ገጽ አያውርዱት።

አንድ አንባቢ
ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ