የተሰረቀው ይሻላል ወይስ የተሰጠው?

“ነፃው ሶፍትዌር ከሚሸጠው ጋር ይወዳደራል ወይ?” ይባላል። ለመሆኑ እኛ መቼ ገዝተን እናውቃለን? ከአምቦ እስከ ጌዶ፣ ከጉደር እስከ ሸነን ባሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዊንዶውስና ኦፊስን ፈቃድ ከፍሎ የጫነ ስንት ይገኛል? በፍላሽ የመጣ ክራክ አይደለም እንዴ? እንግዲህ ፉክክሩ በተሸጠውና በነፃው መካከል ሳይሆን በተሰረቀውና በተሰጠው መካከል ነው። ጉድ በል ሸዋ!

“ነፃ ነገር ምን ይረባል?” የሚሉም አሉ። የያዙት አንድሮይድ ስልክ የቆመው በሊኑክስ ላይ መሆኑን ማን በነገራቸው! ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሥራ ነው። ከ2017 ወዲህ የዓለም 500 ታላላቅ ኮምፒውተሮች በሙሉ በእሱ ነው የሚሠሩት። አገር ቤትም ፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሕንድ ባንጋሎር በተዘጋጀው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የመጣ ነው። መንግሥት የጣት አሻራችንን ያመነበት ነገር ለቀበሌ ደብዳቤ አነሰ?

በፊደላችን የደረሰውንም እናስታውስ። የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የሸጡልን ሰዎች ፊደላችንን ከኮምፒውተር አስተዋውቀዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ሌላው ከሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። በቁቤ የጻፈ የአምቦ ሰው ይህ ችግር አልነካውም፤ ላቲን ነዋ! በአማርኛ የጻፈው ግን አበሳውን አየ። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ለሁሉም ክፍት በሆነው ዩኒኮድ ሲገባ ነው። ዛሬ አቢሲኒካን የመሰለ ፎንት ያለ አንድ ሳንቲም ይገኛል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ነፃው ሶፍትዌር የሚሸነፍበትም ቦታ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው የተማረው ፒችትሪ፣ ጸሐፊዋ የለመደችው ወርድ ነው። ሊብረ ኦፊስ ቢጫንላቸው፣ ሲበላሽ ማንን ይጥሩ? ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚያስተምርና የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ልዩነቱ፣ ገንዘቡ ባሕር ተሻግሮ ለፈቃድ ከሚሄድ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ላጣው ልጅ ደመወዝ ይሆናል።

“ክራኩ እያለ ምን አደከመን?” ለሚሉ መልስ አለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ባለቤቱ ሕግ ይዞ የመጣ ዕለት ስንቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ያጠፋል? የሰው ወርቅ አያደምቅ! ዩኒቨርሲቲውና ማሠልጠኛዎቹ የተሰጠንን ከዛሬ ጀምሮ ያስተምሩ፤ መሥሪያ ቤቶችም ኮምፒውተር ለመግዛት ጨረታ ሲያወጡ የሚጫነውን አብረው ይጠይቁ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!