ባለ እጁ የት ቆመ?

የመንገድ ላይ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለመናገር ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ድንኳን ይደረደራል፤ ከድንኳኑ የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ይቆማል፤ መግቢያው ላይ ሰው የሚያህል ጀበና ከነሲኒው ይተከላል። ሕዝቡ ከጀበናው ሥር ተራ ይዞ ፎቶ ይነሣል። መድረክ መሪው «ባህላችን» የምትለዋን ቃል በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጠራታል። እውነተኛዋን ጀበና ቀጨኔ ሰፈር ቁጭ ብላ የምትሠራዋ ሴት ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የለችም። ሥራዋ መጥቷል፤ በሁለት ነጋዴ እጅ አልፎ፣ ዋጋው ጨምሮ። እሷን የጠራት የለም።

ነገሩ የአዘጋጆች መርሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ባልበቃ። የቆየ ልማድ ነው። ይህ አገር ዕቃውን ይወዳል፣ ሠሪውን ይጸየፋል። ጥበብ ለብሶ የሚሞሸር ሰው ልጁን ለሸማኔ ልጅ ለመዳር ሲያቅማማ ኖሯል። ቤቱ ያለ ጀበና የማይውል ሰው ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች» ብሎ ሸሽቷታል። «ባለ እጅ» የምትለው ቃል ራሷ ብትታይ ሙያን የምታከብር ውብ ቃል ናት፤ ሲነገርባት የኖረችው ግን በሹክሹክታ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩ አሳስቧቸው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ ሠራተኛውን ከሥራው እያሸሸ አገሪቱን ባዶ እጇን ያስቀራታል የሚል መንፈስ የነበረው አዋጅ ነው። አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በከተማ ደግሞ መልኩን ለውጦ ሠሪውን አለማየት ሆነ።

ሽሮ ሜዳን ለምሳሌ እንውሰድ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ በነጠላና በቀሚስ የተሸለመበት ሰፈር ነው። ገበያተኛው የሚያየው ሱቁን ነው። ከሱቁ ኋላ ባሉት ጠባብ ቤቶች ውስጥ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ ልጆቻቸውም፣ ሁለት እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ተቀምጠዋል። ሸማኔው በእግሩ መርገጫውን ሲጫን ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ በተከፈተው መሃል መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ይበራል፤ ያለፈውን ማግ ስቦ ይመታዋል፤ እግሩን ይለውጣል። ጠቅ፣ ሽው፣ ጠቅ። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይቋረጣል። አሁን ሥራው የጣት ነው። ድሩን ክር በክር እየቆጠረ ያነሣል፣ ቀለሙን ያስገባል፣ መልሶ ይቆጥራል። አንድ ክር ከሳተ ጥለቱ ይዛነፋልና መፍታት ግድ ነው። ጥጡ እዚህ ሳይደርስ በፊት ደግሞ ተዳምጧል፣ ተነድፏል፣ በእንዝርት ተፈትሏል። ፈታይዋን ማን ያስባት?

ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ቀሚስ ሲገዛ «ቀንስልኝ» ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል። አለማየቱ ነው የጎዳን። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ጥለቱ በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ የገባ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሠሪውን ለማያውቅ ገዢ ሁለቱ አንድ ናቸው። ፌስቲቫሉም ጥለት ያለበትን ሁሉ «የባህል ልብስ» ብሎ ሲያስተዋውቅ ለየትኛው እንደሚሠራ አይገባውም።

የአዝማሪው ነገር ደግሞ ይብሳል፤ እሱ ይጠራልና። ይጠራና በሁለት የፕሌይባክ ዘፋኞች መሃል አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። መድረኩ ከፍ ያለ ነው፣ ታዳሚው ሩቅ ነው። የአዝማሪ ጥበብ ያለው ግን ቅርበት ላይ ነው። አንድ ጨዋታ አዋቂ ከጥግ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜምለታል። ቀጥሎ ጎን ያለውን እንግዳ ክራቫቱን ወይም መላጣውን አይቶ አንድ ስንኝ ይወረውርበታል። ቤቱ ይስቃል፤ የተነካው ሰው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህን አሥር ሜትር ርቆ፣ በማይክ፣ ፊቱን ለማያየው ሕዝብ ሥራው ማለት ዓሣ ከባሕር አውጥቶ ዋኝ እንደ ማለት ነው። ከተማዋ የአዝማሪ ቤት እንደ ልብ የላትም። በካዛንችስ በዳንሰኛው መላኩ በላይ ጥረት ስሟ ባሕር የተሻገረው ፈንድቃ እንኳ በ2017 ዓ.ም. አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከኖረችበት ቦታ ተነሥታለች። ስለዚህ ፌስቲቫል ለአዝማሪ ቢያንስ ሃያ ሰው የሚይዝ ድንኳንና ዱካ ሊያዘጋጅለት ይገባል። መድረክማ ሞልቷል።

ስለ ምግቡ ብዙ ማለት አያሻም። በአገር ባህል ስም በተጠራ ዝግጅት ላይ ረጅሙ ሰልፍ የበርገር ነው። ጌሾና ብቅሉን አዘጋጅታ፣ ድፍድፉን ጠብቃ ጠላ የምትጠምቀው እናት፣ ደጇ ላይ እንጨት አቁማ ጣሳ የምትደፋበት እናት፣ የድንኳን ኪራዩን ከየት ታመጣዋለች?

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ፌስቲቫሉ ይቅር?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይቅር። በሌላ መንገድ የሚሠሩ አሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ዋሽንግተን መሃል ላይ በየዓመቱ በሚያካሂዱት የስሚዝሶኒያን ፎክላይፍ ፌስቲቫል ዋናው ነገር ዕቃው አይደለም፤ ሠሪው ነው። ቅርጫት ሠሪው እየሠራ፣ ምግብ አብሳዩ እያበሰለ ከሕዝቡ ጥያቄ ይቀበላል። ለነገሩ ያን ያህል መራቅም አያስፈልግም። ሐረሮች ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚያከብሩት ሹዋሊድ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ለኢትዮጵያ አምስተኛው ነው። እዚያ ከበሮውን የሚመታውም፣ የሚያዜመውም፣ ለብሶ የወጣውም የከተማው ሰው ራሱ ነው። ተመልካችና ተሳታፊ ተብሎ በገመድ የተለየ የለም። ግድግዳ ሙሉ ስፌት ሰቅላ እንግዳ የምትቀበለው የሐረር ሴት ያን ስፌት የተማረችው ከእናቷ እጅ ነው፤ የመጣ ሰው ቢጠይቃት መልስ አላት።

አዲስ አበባም መሠረቱን አላጣችም። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር መኪና ቆሞ አስፋልቱ ለእግረኛ ተለቀቀ፤ ልጅ ብስክሌት ነዳበት፣ ወጣቱ ስፖርት ሠራበት። መንገድ መዝጋት እንደሚቻል ታይቷል። ስለዚህ የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ እሑድ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ይዘጋ። ሸማኔው ከኋላ ቤት ወደ ፊት ይውጣ። አስፋልት ላይ ጉድጓድ አይቆፈርምና እግሩን የሚሰድበት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ይሠራለት፤ ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ይጣልለት። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ሩቅ አይደሉም፤ ጭቃቸውን ይዘው ይምጡ፣ የጀበናዋ አንገት እንዴት እንደሚገጠም ሕፃናት በእጃቸው ነክተው ይዩ። ለሠሪ ድንኳን ኪራይ አይጠየቅ። እንዲያውም ለአንድ ቀን ሥራ የሚፈታ ሰው የዚያን ቀን ገቢውን ያጣልና እንደ ዘፋኙ ሁሉ እሱም የቀን ክፍያ ይቆረጥለት። ይህ ልመና አይደለም፤ ዘፋኙ ሲከፈለው ልመና ነው ያለ የለም።

ነጋዴውም ቦታ ይኑረው፤ እሱ ባይኖር የሸማኔው ጨርቅ ገበያ አይወጣም ነበር። ብቻ በየሸቀጡ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ማን ሸመነው፣ በእጅ ነው በማሽን፣ ስንት ቀን ፈጀ። ወረቀቱን ለመጻፍ ነጋዴው ሠሪውን መጠየቅ አለበት፤ ብዙዎቹ ያኔ ነው የሚጠይቁት።

ቀኑን መምረጥም አያስቸግርም። ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት የነሐሴ እሑዶች ሽሮ ሜዳ ሰው መራመጃ እስኪያጣ ይጨናነቃል፤ በእነዚያ ቀናት መኪና መንገዱ ባይዘጋም እንኳ ከእግረኛ አይፈጥንም። የከተማው አስተዳደርና የባህል ቢሮው ከአሁኑ ቢነጋገሩበት ለመጪው ነሐሴ ይደርሳል።