ለመኪናም ለእግርም የሚያገለግል መንገድ መሪ መሣሪያ ስለ መምረጥ

አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ መግዛት የቤትን ገንዘብ ያድናል። ነገር ግን ዕቃው ለሁለቱም ሥራ መብቃቱ አስቀድሞ ካልተመረመረ፥ ገዢው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ስለ ጂ.ፒ.ኤስ. ነው፤ ይኸውም በመኪና ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚመራው መሣሪያ፥ ጂኦካቺንግ ለሚባለው የቤተ ሰብ ጨዋታ ጭምር እንዲሆን ምን ዓይነቱን መምረጥ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

ጨዋታው የተጀመረው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ በሚሰጠው የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ላይ፥ ለጦር ጥንቃቄ ሲል፥ ሆነ ብሎ ስሕተት ይጨምርበት ስለ ነበረ፥ መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ያህል ይስት ነበር። በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000) ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ስሕተት እንዲቀር አደረጉ። ወዲያውም ሚያዝያ 25 ቀን ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው፥ በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ፥ ልዩ ልዩ ዕቃና አንድ መዝገብ በባልዲ አድርጎ በዱር ሸሸገ፤ ሥፍራውንም በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር አስታወቀ። ያገኘው ሰው ዕቃ ወስዶ በምትኩ ሌላ እንዲተው፥ የወሰደውንና የተወውንም በመዝገቡ እንዲጽፍ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ሽሽግ በዓለም ላይ በሚሊዮን ይቈጠራል። ዝርዝሩን የሚይዘው ዋናው ኩባንያ የሚገኘውም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ ነው።

የመኪናው መሣሪያና በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ከሰማይ የሚቀበሉት ምልክት አንድ ነው፤ ሁለቱም ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ተቀብለው ሥፍራቸውን ያሰላሉ። ልዩነቱ በአሠራራቸው ነው። የመኪናው መሣሪያ የተሠራው መኪና ከመንገድ አይወጣም በሚል አሳብ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ወደ ጐን ቢስት እንኳ ራሱን በአጠገቡ ባለው መንገድ ላይ አድርጎ ያሳያል። ይህም ነጂውን ይጠቅማል፤ በጫካ ውስጥ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ግን ያሳስታል።

ስለዚህ ገዢው አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ መሣሪያው መንገዱን ትቶ በቀጥታ መስመር አቅጣጫንና ርቀትን የሚያሳይ የእግረኛ አሠራር ይኑረው። ሁለተኛ፥ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥር የሚጻፍበት ይሁን፤ ጂ.ፒ.ኤክስ. የተባለውን ፋይል የሚቀበል ከሆነም፥ ቍጥር በእጅ ሲገለበጥ ከሚመጣው ስሕተት ያድናል። ሦስተኛ፥ ከመኪናው ኃይል ሲነቀል ብዙ ሰዓት የሚቈይ፥ ቢቻልም በሌላ የሚለወጥ ባትሪ ይኑረው። አራተኛ፥ ዝናብ የማያበላሸው፥ ገጹም በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ይሁን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው ጋርሚን ኑቪ 500 ውሃ የማያስገባ፥ ባትሪው የሚለወጥ፥ ለመኪና፥ ለእግር፥ ለብስክሌትና ለጀልባ የተዘጋጀ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ ሆኖ ስለማይወጣ፥ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የባትሪውንና የካርታውን ዕድሜ ይመርምር።

ቍጥሩን ስለ መጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ጨዋታ ሥፍራ የሚገለጸው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ የደቂቃውም ክፋይ በአሥርዮሽ ይጻፋል። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,850 ሜትር ያህል ነው። 30.500 የተባለው ደቂቃ 30 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ማለት ሲሆን፥ 30 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ብሎ የጻፈው ሰው ከ600 ሜትር በላይ ይስታል።

የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሌላ መሣሪያ ለምን ይገዛል የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። በግልጽ ሰማይ ሥር ስልክ እስከ አምስት ሜትር ያህል ሥፍራውን ስለሚያመለክት፥ ከከተማ ለማይርቅ አጭር ሽርሽር ይበቃል። ነገር ግን ልጆችን ይዞ ራቅ ወዳለ ዱር የሚሄድ አባት፥ ባትሪው ያለቀበት እንደ ሆነ፥ መንገዱም እርዳታ የሚጠራበትም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጠፉበታል። እኛ እንደሚመስለን፥ ለብቻው መሣሪያ መግዛት ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ መንገዱን መሣሪያው ይምራ፥ ስልኩ ለችግር ጊዜ ይቀመጥ።

መሣሪያው ምንም መልካም ቢሆን፥ ከመኪና ሲወርዱ አስቀድሞ መኪናው የቆመበትን ሥፍራ መመዝገብ ይገባል፤ ሽሽጉን ሳያገኙ መቅረት ጨዋታ ነው፥ መኪናውን ማጣት ግን አደጋ ነው። መሣሪያውም ከሥፍራው ካደረሰ በኋላ፥ የቀሩትን ጥቂት ሜትሮች የሚፈልገው ዓይን ስለ ሆነ፥ ልጆች ራሳቸውን ከመስተዋቱ ቀና አድርገው ድንጋዩንና የዛፉን ሥር እንዲመለከቱ ማስተማር መልካም ነው። ገዢውም ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አስፈቅዶ፥ መሣሪያውን ከሱቁ ውጭ ይዞ ጥቂት በእግሩ ይሂድበት። ለመኪና መሥራቱን ሻጩ ይነግረዋል፤ ለእግር መሥራቱን ግን ራሱ ተራምዶ ይወቅ።