ድርቆሽና ጭድ

ለጓሮው አፈር ልብስ የሚሻ ሰው ሁለት ደረቅ ነገሮች ይቀርቡለታል፤ ድርቆሽና ጭድ። ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ቋንቋችን ግን ለይቶ ሰይሟቸዋል፤ መለየቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ድርቆሽ በሕይወት ሳለ ታጭዶ የደረቀ ሣር ነው፤ ቅጠሉም ዘሩም አብረውት አሉ። ጭድ ግን ፍሬውን በአውድማ አስረክቦ የቀረ ነው።

እንግዲህ በጎመን መደብ ላይ ድርቆሽ የሚጎዘጉዝ ሰው፣ ከጥላው ጋር አረምም ይዘራል። አሜሪካዊቷ ሩት ስታውት በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዝጓዝ ጥብቅና ቆማለች። የአረሙ መድኃኒት ለእርሷ ውፍረት ነበር፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ደራርቦ ማፈን። ይህ ግን ድርቆሽ ለተረፈው ሰው የሚሆን ምክር ነው። ከሱሉልታ በእስር እየተገዛ ለሚመጣው ድርቆሽ የላም አፍ ይቀድማል።

ጃፓናዊው ማሳኖቡ ፉኩኦካ በበኩሉ በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ የሩዙንና የገብሱን ገለባ ሳይቆርጥ ለማሳው መልሶ መበተንን አስተምሯል። እኔ ከጃፓናዊው ወገን ነኝ። በእኛ የጤፍ ጭድ ውስጥ የተረፈች ፍሬ ብትበቅል እንኳ በጣት የምትነቀል ናት።

ጭድም እንከን አለው። በስንዴ ገለባ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን ይገኛል። ስለዚህ ከአፈር ጋር ቢቀላቀል፣ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ነፍሳት የአትክልቱን ድርሻ ይሻማሉ፤ ቅጠሉም ይገረጣል። ከላይ ብቻ ቢለብስ ግን ጉዳቱ ጥቂት ነው። ከሥሩ ፍግ፣ ከላዩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጭድ፣ ነፋስም እንዳይወስደው ጥቂት ውኃ፤ ይኸው ነው።

«ጭዱስ ለበሬው አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ጭድ ለበሬ ቀለብ፣ ለቤት ምርጊት፣ ለድሃ ፍራሽ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ክፍፍል መካከል የተረሳው ባለዕዳችን ሳይሆን ባለገንዘባችን የሆነው አፈር ነው። ፍሬውን ወሰድን፤ አገዳውን ወሰድን፤ ፍጉንም ኩበት አድርገን አነደድነው። ከዚያ በኋላ ምድሪቱ ነጠፈች ብለን ብናማርር ማን ይፈርድልናል?

ሁሉን ስጡት አልልም። ከአሥር ሸክም አንዱን ለአፈሩ መመለስ ግን ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው። እሳትና ጭድ አብረው አያድሩም፤ አፈርና ጭድ ግን ቢያስታርቋቸው አብረው ያረጃሉ።