ከረግረግ ወደ ብርጭቆ፦ የታይላንድ ተዋጊ ዓሣ ክብርና ሥጋት

የታይላንድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በአገሩ ቋንቋ «ፕላ ካት» ማለትም «የሚናከስ ዓሣ» እየተባለ የሚጠራውን ትንሽ ዓሣ የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎ ሰይሟል። በዓለም ገበያ ቤታ ወይም የሲያም ተዋጊ ዓሣ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ፍጡር በታይላንድ ባህል ውስጥ የቆየ ሥፍራ አለው። የስያሜው ደጋፊዎች ከባህሉ ባሻገር ውሳኔው የአርቢዎችን ንግድ ያጠናክራል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘም። ክብሩ የተሰጠው ለየትኛው ዓሣ ነው? በብርጭቆ ውስጥ ለሚያብለጨልጨው ነው ወይስ በሩዝ ማሳና በረግረግ ለሚኖረው የዱር ዘመዱ?

የዱሩ ዓሣ መልኩ ደብዛዛ፣ ክንፉም አጭር ነው። ጥልቀት በሌለውና አየር ባነሰው ውኃ ውስጥ መኖር የሚችለው ወደ ላይ እየወጣ አየር ስለሚተነፍስ ነው። ወንዱ በውኃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ እንቁላሎቹን ይጠብቃል፤ ሌላ ወንድ ከቀረበው ደግሞ ይዋጋል። የጥንት አርቢዎች በመጀመሪያ ይመርጡት የነበረው ለዚሁ የመዋጋት ችሎታው ነበር። ዛሬ በመስታወት ገንዳዎች ውስጥ የሚታየው ረጅም ክንፍና ደማቅ ቀለም በኋላ የመጣ ምርጫ ውጤት ነው።

የአርቢው ሥራ በመርሕ ደረጃ ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። አርቢው የሚፈልገውን ቀለም ወይም የጅራት ቅርጽ የያዙ ወንድና ሴት መርጦ ያገናኛል። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ወንዱ እንዳያጠቃት ሴቲቱን ያወጣታል። ጫጩቶቹ ባደጉ ጊዜ ወንዶቹን እየለየ እያንዳንዱን በየራሱ ጠርሙስ ያኖረዋል፤ እርስ በርስ እንዳይተያዩም በጠርሙሶቹ መካከል ካርቶን ይጋርዳል። ከዚያም ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን መርጦ ከወንድም እኅቶቻቸው ወይም ከወላጆቻቸው ጋር እንደገና ያዳቅላል፤ የተፈለገው ባሕርይ በዘሩ ውስጥ እስኪጸናም ይህን ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታይላንድን ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት የያዘ አንድ ዓሣ በኢንተርኔት ጨረታ በ53,500 ባት መሸጡ የዚህ ድካም ዋጋ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

ይህ ሁሉ የመልክ ልዩነት ከአንድ ትንሽ ዓሣ እንዴት ሊወጣ ቻለ? በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መልሱን ከዘረመል ፈልጓል። ተመራማሪዎቹ የአምስት ተቀራራቢ ዝርያዎች አባላት የሆኑ 98 ዓሦችን ሙሉ ዘረመል መርምረዋል። በውጤቱም የአንዱን ክንፍ ቅርጽ ወይም የአንዱን የአካል ክፍል ቀለም የሚወስኑት ዘረመሎች በአብዛኛው እርስ በርስ ያልተቆራኙ መሆናቸውን አግኝተዋል። በመሆኑም አርቢው የአንዱን ዓሣ ጅራት ከሌላው ቀለም ጋር ማጣመር ይችላል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ግድ አይሆንበትም።

ጥናቱ ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው ሌላ ግኝትም አለው። በጌጥ ዓሦችና በሌሎች የዱር ቤታ ዝርያዎች መካከል በሁለቱም አቅጣጫ መዳቀል መኖሩ ተረጋግጧል። የመጀመሪያው አቅጣጫ በገበያ ላይ በግልጽ ይታያል፤ አዲስ ብልጭታና አዲስ ቀለም የሚፈልጉ አርቢዎች የዱር ዝርያዎችን ከለመደው ዓሣ ጋር ያዳቅላሉ። የሚወለዱት ዲቃሎችም መራባት ስለሚችሉ መስመሩ ይቀጥላል። ሁለተኛው አቅጣጫ ግን የሚያሳስብ ነው። ከጠርሙስ ያመለጠ ወይም ሆን ተብሎ የተለቀቀ የጌጥ ዓሣ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል፣ ለገበያ የተመረጠው ደም ለረግረጉ በተፈጥሮ የተመረጠውን ሊበርዘው ይችላል።

ከሥጋቱ ጋር በቅርብ የተያያዘው ቤታ ማሃቻየንሲስ የተባለው ዝርያ ነው። ይህ ዓሣ በሳይንስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ የሚኖረውም ከባንኮክ አጠገብ በሚገኘው የሳሙት ሳኮን አካባቢ፣ ጨውነት ባለው ረግረግ ውስጥ ነው። መኖሪያው ፋብሪካና ቤት በየጊዜው የሚስፋፋበት ጠባብ ሥፍራ በመሆኑ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ብሔራዊ ክብር የተሰጠው ዝርያም ቢሆን በዱር ያለው ወገኑ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ረግረጉ ሲደፈንና ውኃው በእርሻ መድኃኒት ሲመረዝ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ያነሰ ዝርያ ደግሞ በመዳቀል በቀላሉ ይዋጣል።

የለመደው ዓሣም ቢሆን ከጉዳት ነጻ አይደለም። ሰፊና ከባድ ክንፍ የሚዋኘውን ዓሣ ያደክመዋል። ለወፍራምና ለብርማ ቅርፊት ተብሎ በተመረጠው ዘር ውስጥ ቅርፊቱ አድጎ ዓይንን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። በቅርብ ዘመዶች መካከል የሚደጋገም መዳቀልም የተሸሸጉ ድክመቶችን ወደ ላይ ያወጣል። እንዲህ ያለው ዘር ሲደክም አርቢው አዲስ ደም ይሻል፤ የዚያ ደም የመጨረሻ ምንጭ ደግሞ ያው ረግረግ ነው። ስለዚህ የዱሩን ዓሣ መጠበቅ የንግዱ ተቃራኒ ሳይሆን ዋስትናው ነው።

ጉዳዩ በታይላንድ ወሰን ብቻ የሚቀር አይደለም። በሰሜናዊ አውስትራሊያ የአደሌድ ወንዝ አካባቢ ከባለቤቶቻቸው እጅ የወጡ የሲያም ተዋጊ ዓሦች በዱር ተራብተው ተገኝተዋል። በብራዚልም የሚያበራ ዘረመል በቤተ ሙከራ የተጨመረባቸው ዜብራ ዓሦች ከማራቢያ ኩሬዎች አምልጠው በጅረቶች ውስጥ ሲራቡ መታየታቸውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ አድርገዋል። የማዳቀያው መንገድ የጥንት ይሁን የዘመናዊ ቤተ ሙከራ፣ ዓሣው ከገንዳው ከወጣ በኋላ መልሶ መሰብሰብ እጅግ አዳጋች ነው።

ይህ ማለት ግን አርቢዎች በጠላትነት ሊታዩ ይገባል ማለት አይደለም። በናኮን ፓቶምና በሌሎች የታይላንድ አውራጃዎች ለብዙ ቤተሰቦች የጠርሙሱ ዓሣ የዕለት እንጀራ ነው፤ ስለ ዱሩ ዓሣ ጠባይና መኖሪያ ጥልቅ እውቀት ካላቸው ሰዎች መካከልም እነርሱ ይገኛሉ። የሚፈለገው ሥራውን ማስቆም ሳይሆን ድንበር ማበጀት ነው። ንጹሑን የዱር ዘር ከዲቃላው ለይቶ በመዝገብ መያዝ፣ ያልተሸጠን ዓሣ በወንዝ አለመልቀቅ፣ የቀሩትን ረግረጎች መከለል የዚህ ድንበር ዋና ዋና ምሰሶዎች ናቸው። ለጽድቅ ሲባል ዓሣን ወደ ወንዝ መልቀቅ በተለመደበት አገር ሁለተኛው ምሰሶ ሕግ ብቻውን የሚያቆመው አይሆንም፤ የሃይማኖት አባቶችንና የአካባቢውን ሕዝብ ማስተማርንም ይጠይቃል።

የገዢውም ኃላፊነት ቀላል አይደለም። ከእስያ በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመጣውን ይህን ዓሣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት እንስሳት ገበያዎች በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ከየት እንደመጣና በምን እንደተዳቀለ የሚጠይቅ ገዢ ሻጩን ያነቃዋል፤ ሻጩ ሲጠይቅ ደግሞ አርቢው መዝገብ መያዝ ይጀምራል። ታይላንድ ለዓሣዋ ስምና ክብር ሰጥታለች። የቀረው ክብሩ ጠርሙሱን አልፎ ዓሣው ወደተገኘበት ረግረግ እንዲደርስ ማድረግ ነው።