ስለ ደላላ የሚነገረው ወቀሳ

ትምህርቱን ጨርሶ ወይም ከሌላ ከተማ ተዛውሮ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚይዝ ወጣት ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ አስቀድሞ የሚተዋወቀው ከቤት ደላላ ጋር ነው። ማደሪያ ሳይያዝ ሥራ አይያዝምና። ይኸው ሰው በአንድ ቀን ትውውቅ ከወር ደመወዛችን ትልቁን ክፍል ለማን እንደምንሰጥ፥ ከማን ጋርስ በር እንደምንጋራ ይወስንልናል። እንዲህ ያለውን ሰው ስንመርጥ ግን ጫማ ስንገዛ የምንጠይቀውን ያህል እንኳ አንጠይቅም። «ደኅና ደላላ ታውቃለህ ወይ?» ብለን አንድ ጓደኛችንን እንጠይቃለን፤ እርሱም «አዎን፥ በጣም ጨዋ ሰው ነው» ብሎ የስልክ ቁጥር ይሰጠናል፤ ጉዳዩም በዚህ ያልቃል።

እኔ የምለው ግን ምስጋናውን ለጊዜው ትተን ወቀሳውን እንጠይቅ ነው። ይኸንንም የምለው ሰውን ማማት መልካም ሥራ መስሎኝ አይደለም። ምስጋናና ወቀሳ የሚወለዱበት ቀን የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ምስጋና የሚነገረው ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ነው። ተከራዩ ከመገናኛ እስከ ገርጂ፥ ከገርጂ እስከ ሰሚት በጠራራ ፀሐይ ሲንከራተት ሰንብቶ ማረፊያ ያገኘበት ቀን ነውና በዚያ ሰዓት ደላላውን ቀርቶ የግቢውን ውሻ ያመሰግናል። ወቀሳ ግን የሚመጣው ውሎ አድሮ ነው፤ ውሃው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ ሲታወቅ፥ አከራይ ነኝ ያሉት ሰውዬ እርሳቸውም ተከራይ መሆናቸው ሲገለጥ ነው። እንግዲህ ወቃሹ ውሉን ኖሮበት ያየው ሰው ነው፤ አመስጋኙ ግን ገና ኮቱን አልሰቀለም።

ይኸን የተማርሁት ከኪሴ ከፍዬ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ እንደ ያዝሁ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ያመሰገኑትን ደላላ ያዝሁ። በእውነትም ፈጣን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ቤት አገኘልኝ። በሰባተኛው ወር አከራዬ «ወይ ጨምር፥ ወይ ልቀቅ» አሉኝ። ውላችን የቃል ብቻ ነበርና የምለው አጣሁ። ዕቃዬን በማወጣበት ቀን አዲሱን ተከራይ ይዞ በር ላይ የቆመው ያው ደላላ ነበር። ምንም ሳያፍር «አይዞህ ወንድሜ፥ ሌላ ቤት አለኝ» አለኝ። የግቢው ዘበኛ ፍራሼን ሲያነሡልኝ «ልጄ፥ ከአንተ በፊት የነበረውንም እንዲሁ ነው ያደረገው» አሉ። «ታዲያ አባባ፥ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው «መች ጠየቅኸኝ?» ብለው መለሱልኝ። ኋላ ባስበው እነዚያ ያመሰገኑት ሦስቱ ባልደረቦቼ ቤት ከያዙ ገና መንፈቅ ያልሞላቸው ነበሩ።

ነገሩን የሰውዬው ክፋት ብቻ አድርጎ መቁጠር አይገባም። ደላላ ገቢ የሚያገኘው ውል በተፈጸመ ቁጥር እንጂ ተከራይ በቆየ ቁጥር አይደለም፤ ክፍያውም በኪራዩ ልክ በሚታሰብበት ጊዜ ኪራይ ሲጨምር የእርሱም ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ ተከራይን የማስለቀቅ ፈተና በሥራው ውስጥ አለ። ፈተናውን ማን እንደሚያሸንፈውና ማን እንደሚሸነፍበት የሚያውቁት ደግሞ የለቀቁት ተከራዮች ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እንግዲህ «የስድስት ወር ቅድሚያ አስከፈለኝ» ወይም «ውሉን ባናስመዘግበው ይሻላል አለኝ» የሚል ወቀሳ ስንሰማ ይህ የጠባይ ነገር አይደለም፤ የሕግ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ወቀሳ እውነት ሆኖ ከተገኘ ከአንድ ሰው ብቻ ቢመጣም ይበቃል። በሽያጭ ጊዜማ ይብሳል። ከእኛ ውስጥ ቤት የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ወላጅ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲገዛ ወረቀቱን እንዲያነብ የሚጠራው የተማረው ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፥ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲፈጸም ያዛል። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ያስቆጥራል ተብሎ የሚወቀሰውን ደላላ በዚህ መለኪያ መመዘን ነው።

ወቀሳ ሁሉ ግን አንድ ክብደት የለውም። አስቀድሞ ወቃሹ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ደላላ ሁለት ጌታ ያለው ሰው ነውና። አንዲት አከራይ ወይዘሮ በሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ቆመው ስለ አንድ ደላላ ሲያማርሩ ሰማሁ። «የቤቴን ዋጋ አዋረደብኝ፤ ጣራው እንደሚያፈስ ለተከራዩ ነገረው!» ይላሉ። እኔ ከሱቁ የገባሁበትን ረስቼ የደላላውን ስም ጠየቅሁ። ሌሎቹ ደላሎች ደግሞ «አብሮ የማይበላ» ይሉታል፤ ትርጉሙን ሳጣራ ኪራዩ ላይ የሌሎቹን ድርሻ አልጨምርም ማለቱ ሆኖ አገኘሁት። ተከራዮች የሚወቅሱት በዝግታው ነበር። ይህስ እውነት ነው፤ አምስት ሳምንት አቆይቶኛል። እኔ በአክስቴ ቤት ተጠግቼ ስለ ነበር ቻልሁት፤ ሻንጣውን ይዞ ሆቴል ያደረ ሰው ግን አይችለውም፤ ለእርሱ ይኸው ወቀሳ ከባድ ነው።

«ኪራይ አስወደደ» የሚለውን ጩኸት ከተማው ሁሉ ስለሚጮኸው ለአንዱ ደላላ ማሸከም አይገባም። ስለ ሰውዬው ትውልድና አገር የሚነገረውንም ከነአካቴው አለመስማት ነው፤ የሚጠየቀው ያደረገው ነገር ነውና። «ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚለው ሰው ማን እንዳለ ይናገር። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንዱን ነገር ደጋግመው ከነገሩን ግን ያን ጊዜ ቆም ማለት ነው።

ችግሩ እኛ ጋ ሰው በቀላሉ አይወቅስም። ይሉኝታ አለ፤ «ለእግዜር ትቼዋለሁ» ማለት አለ። «ደላላው እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ደኅና ነው» ከሚለው ቃል በቀር የሚያገኘው የለም። እኔ ጥያቄውን ለውጬዋለሁ፤ «ነገ ሌላ ቤት ብትፈልግ እርሱኑ ትጠራለህ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ርዝመት መለካት ይቻላል።

ያንን ዝግተኛ ደላላም ከመያዜ በፊት «ከአንተ ጋር የተጣላ ደንበኛ አለ ወይ?» ብዬ ራሱን ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ሁለት አሉ» አለኝ። «አንዱ የሚከፍለኝን ከልክሎኝ ነው። በሁለተኛው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የውሃውን ነገር ሳላጣራ አስገባሁት፤ የድለላውን ገንዘብ መለስሁለት» አለና ሰውዬውን አስፈቅዶ ስልኩን ሰጠኝ። ደወልሁ። ሰውዬው አሁንም ቂሙ አልበረደም፤ ስለ ውሃው ብዙ ነገረኝ። ስለ ገንዘቡ ስጠይቀው ግን «አዎን፥ እርሱንስ በማግሥቱ መልሶልኛል» አለኝ።